ፊልም ከመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ለምን ጠፋ? የቀረውንስ መግዛት ያዋጣል?

የሜሪላንዷ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ስለ 35 ሚሊ ሜትር የፎቶ ፊልም ነው። እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ባሉት ትልልቅ መድኃኒት ቤቶችና መደብሮች፣ ድሮ ከገንዘብ ተቀባዩ ጀርባ ግድግዳ ሙሉ ይደረደር የነበረው ፊልም አሁን አንድ ክንድ ስፋት ላይ ቀርቷል። ያለው የሚጣል ካሜራና የፉጂ ኢንስታክስ ነው። ከተገኘ ደግሞ ሦስት ሮል የያዘ አንድ ሁለት ካርቶን አለ፤ እሱም በመስታወት ተቆልፎበት።

የምፈልገው 10 ሮል ነው። በጥር ለጥምቀት አዲስ አበባ ይሄዳል። ካሜራው ዜኒት ኢ ነው፣ ባትሪ የማይፈልገው። ፊልሙ ከመደብር የጠፋው ገዢ ስለሌለ ነው? ከሆነ በየሰው እጅ የማየው የፊልም ካሜራ ምን እየበላ ነው የሚሠራው? መደርደሪያ ላይ የቀረውን ብገዛ ተበላሽቶ ይሆን? እዚያው መደብር እንዲታጠብ ብሰጥስ ኔጌቲቩ (የታጠበው ፊልም ራሱ) ይመለስልኛል? የአውሮፕላን ማረፊያው ራጅም ያሳስበኛል። የምታውቁ በዝርዝር ብትነግሩኝ።

ጨለማ ክፍል

እህቴ፣ ገዢ ስለሌለ ነው የሚለው ግማሹ መልስ ነው። መደርደሪያውን ያራቆተው ከመደርደሪያው ጀርባ የነበረው ማጠቢያ ማሽን መነሳቱ ነው።

ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ (የምጽፋቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሚኒላብ የሚባለው ማሽን በየመደብሩ ገባ። ፊልሙን አጥቦ፣ ፎቶውን አትሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያስረክባል። የጃፓኑ ኖሪትሱና ፉጂ የታወቁበት ነው። መደብሩ ከሮሉ ሽያጭ የሚያገኘው ትርፍ ትንሽ ነበር። ትርፉ ከማጠቡና ከማተሙ ነው። ባለ 36 ሮል የገዛ ሰው ሊያሳጥብ ይመጣል፣ ሁለት ሁለት ቅጂ ያስትማል፣ እስኪደርስለት ድረስ ደግሞ መደብሩን እየዞረ ሌላ ሌላውን ይገዛል። ሮሉ መንጠቆ ላይ የተሰካ ማጥመጃ ነበር ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ማሽኑ ሆድ እንግባ። የቀለም ኔጌቲቭ የሚታጠብበት ሥርዓት ሲ 41 ይባላል። ዴቨሎፐሩ (ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል) 37.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቆያል፤ የሚፈቀደው መዋዠቅ 0.15 ዲግሪ ብቻ ነው። በመደበኛው አሠራር ፊልሙ ዴቨሎፐር ውስጥ 3 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ይቆያል፣ ከዚያ ብሊች (የፊልሙን ብር የሚለውጠው)፣ ከዚያ ፊክሰር (ያንን ብር አሟሙቶ የሚያወጣው)፣ ከዚያ እጥበትና ማርጊያ። ሚኒላቦቹ ብሊቹንና ፊክሰሩን በጠንካራ ኬሚካል ያሳጥሩታል፤ የዴቨሎፐሩን ጊዜ ግን እምብዛም መንካት አይቻልም።

ወሳኙ ነገር ኬሚካሉ በየቀኑ ተደፍቶ አዲስ የማይሞላ መሆኑ ነው። ታንኩን እንደ እርሾ አስቢው። አንድ ሮል ባለፈ ቁጥር ማሽኑ እንደ ኬሚካሉ ዓይነት ከ20 እስከ 50 ሚሊ ሊትር የሚሆን ማደሻ ይጨምራል፣ ያንኑ ያህል አሮጌ በትርፍ ማፍሰሻው ይወጣል። ብዙ ሮል ካለፈ ታንኩ ሁልጊዜ ትኩስ ነው። በቀን ሁለት ሦስት ሮል ብቻ ከገባ ግን ማደሻው አይበቃም፣ ዴቨሎፐሩ አየር እየነካው ይከስላል፣ ውኃውም ይተናል። ማሽኑ ሠራም አልሠራም ሙቀቱ መጠበቅ አለበት። ጠዋት ጠዋት ሙከራ ስትሪፕ (ለመፈተሻ የተዘጋጀ ቁራጭ ፊልም) አሳልፎ በዴንሲቶሜትር፣ ጥቁረቱን በሚለካው መሣሪያ፣ የሚለካ ሰው ያስፈልጋል። ከፊክሰሩ ውስጥ ብር የሚለይ ዕቃም አለ፤ ብሩ ሳይለይ ወደ ፍሳሽ መልቀቅ ሕጉ አይፈቅድምና።

ስለዚህ ዲጂታል ሲመጣ ነገሩ ቀስ በቀስ አልሞተም፤ ደረጃ ላይ እንደሚወርድ ሰው ነው የወረደው። ሮሉ ከተወሰነ ቁጥር በታች ሲሆን የሚወጣው ኔጌቲቭ ይሳሳል፣ ቀለሙ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል፣ ደንበኛው ይሸሻል፣ ደንበኛው ሲሸሽ ሮሉ የባሰ ያንሳል። በመጨረሻ መደብሩ እርጥቡን ማሽን ነቅሎ በፈሳሽ ኬሚካል ሳይሆን እንደ ኮምፒውተር ማተሚያ የሚያትም ደረቅ ማሽን ያስገባል። ደረቁ ማሽን ከስልክና ከሚሞሪ ካርድ ያትማል፤ ፊልም ማጠብ ግን አይችልም። ማጠቢያው ከተነቀለ በኋላ ፊልም ለመደብሩ እንደማንኛውም ትንሽ፣ ውድ፣ ጊዜው የሚያልፍበትና በቀላሉ የሚሰረቅ ዕቃ ነው። መስታወቱ ለዚህ ነው።

ምስክሩ እዚያው መደርደሪያ ላይ ነው፦ ኢንስታክስ። እሱም ፊልም ነው፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም፣ ግን ማጠቢያ ስለማይፈልግ አልተነሳም።

ሮቼስተር 38

ጨለማ ክፍል ያለው ልክ ነው፤ ከፋብሪካው በኩል ያለውን ልጨምር።

የዓለም የቀለም ፊልም ፍላጎት ጫፍ የደረሰው በ2000 ግድም ነበር (የእኔም ዓመቶችና ወሮች በፈረንጆች ናቸው)። ፉጂፊልም ራሱ እንደሚለው በአሥር ዓመት ውስጥ ከአሥር አንድ እጅ በታች ወረደ። ኩባንያዎቹና መደብሮቹ ከሥራው የወጡበት ቅደም ተከተልም ይህንኑ ተከትሏል። በ2004 ኮዳክ በአሜሪካና በምዕራብ አውሮፓ የፊልም ካሜራ መሸጥ እንደሚያቆም አስታወቀ። በ2005 አግፋፎቶ ከሰረ። በ2006 ኮኒካ ሚኖልታ ከሥራው እንደሚወጣ ተናገረ። የአሜሪካው የሪትዝ ካሜራ መደብር ሰንሰለት በ2009፣ የእንግሊዙ ጄሶፕስ በጥር 2013 ኪሳራ ውስጥ ገቡ። ኮዳክ ራሱ በጥር 2012 የኪሳራ ጥበቃ ጠይቆ በመስከረም 2013 ወጣ። ኮስትኮ በመደብሮቹ ውስጥ የነበሩትን የፎቶ ክፍሎች በየካቲት 2021 ዘጋ።

የስላይድ ፊልም የነበረው ኮዳክሮም ደግሞ የማሽኑን ነገር ከሁሉ በላይ ያሳያል። መመረቱ የቆመው በ2009 ነው። የአጠባው ሥርዓት ከሌላው ሁሉ የተለየ ስለነበር የመጨረሻው ላብ፣ በካንሳስ ፓርሰንስ ከተማ የነበረው፣ በታኅሣሥ 2010 መጨረሻ መቀበል ሲያቆም በሰው ማቀዝቀዣ የቀረው ሮል ሁሉ በቀለም መታጠቡ አበቃ። ፊልሙ ነበር፤ የሚያጥበው አልነበረም።

«በየሰው እጅ ያለው ካሜራ ምን ይበላል» ላልሽው፦ ፊልም ይመረታል፣ የሚሸጠው ግን በኢንተርኔትና በካሜራ መደብር ነው። የኮዳክ ፊልም ዛሬም ኒው ዮርክ ግዛት ሮቼስተር ውስጥ ነው የሚቀባው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ይታወቅ፦ ፊልም እንደ ዳቦ በትንሽ በትንሹ አይጋገርም። ከአንድ ሜትር በላይ ስፋትና ብዙ ሺህ ጫማ ርዝመት ባለው ላስቲክ ላይ ብዙ ንብርብር ኢሙልሽን (ብርሃን የሚቀበለው ቅብ) በአንድ ጊዜ በጨለማ ይቀባል፣ ከዚያ ወደ 35 ሚሊ ሜትር ተቀድዶ ይበሳል። ይህ ማሽን የተሠራው በመቶ ሚሊዮኖች ለሚቆጠር ሮል ነው። ሽያጭ ሲወርድ ዝቅ አድርጎ ማሽከርከር አይቻልም፤ አንዴ ተቀብቶ ለብዙ ወር ይቀመጣል፣ ወይም ዓይነቱ ይሰረዛል። ብዙ የፊልም ዓይነቶች ያለቁት በዚህ ነው። የፉጂ ፕሮ 400 ኤች መቆሙ በ2021 ተነገረ።

ከዚያ ነገሩ ተገለበጠ። ወጣቶች ወደ ፊልም ሲመለሱ በ2021 እና ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የቀለም ፊልም እጥረት መጣ፣ ዋጋውም ዘለለ። ኮዳክ በኅዳር 2024 ፋብሪካውን ለማደስ ምርቱን ለጊዜው አቁሞ ነበር። በ2025 ኮዳከለር 100 እና 200 የተባሉትን በራሱ በኩል መሸጥ ጀመረ። የእንግሊዙ ሀርማን ደግሞ በ2023 መጨረሻ ፊኒክስ የተባለ የቀለም ፊልም አወጣ። ስለዚህ እየሞተ ያለው ፊልም ሳይሆን የመድኃኒት ቤቱ ፊልም ነው። መደብሮቹ ወደ ቀድሞው ግድግዳ ይመለሳሉ ብሎ መጠበቅ ግን ከንቱ ነው። ማጠቢያውን መልሰው የሚተክሉበት ሒሳብ የለም።

ካርቶኑን አንብቡ

ስለ ግዢው እኔ ልመልስ።

ካርቶኑ ጎን ላይ ወርና ዓመት አለ። የቀለም ፊልም ሲወጣ ብዙ ጊዜ ሁለት ዓመት ግድም ይሰጠዋል። ከዛሬ አንድ ዓመት በላይ የቀረው ከሆነ አዲስ ዕቃ ነው። ስድስት ወር የቀረው በመስታወት ውስጥ የቆየ ነው፤ ያ ማለት ተበላሽቷል ማለት አይደለም፣ ግን ዋጋው ሳይቀነስ አትግዢው። ፊልም የሚጎዳው ከቀኑ ይልቅ ሙቀት ነው። የሱቁ አየር ማቀዝቀዣ ያለበት ክፍል ችግር የለውም። በመስኮት በኩል ፀሐይ የሚመታው ወይም የመኪና ማጠቢያ አጠገብ ያለ ነዳጅ ማደያ ውስጥ የተንጠለጠለ ከሆነ ቀኑ ቢቀርም አትንኪው።

ቀኑ ያለፈበት በርካሽ ካገኘሽ ልማዱ እንዲህ ነው፦ የቀለም ኔጌቲቭ ከሆነና በማቀዝቀዣ ካልተቀመጠ ለየአሥር ዓመቱ አንድ ስቶፕ ብርሃን መጨመር፣ ማለትም ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ። አሥር ዓመት ያለፈበትን ባለ 400 (ቁጥሩ አይኤስኦ፣ ማለትም ፊልሙ ለብርሃን ያለው ስሜት ነው) እንደ 200 አድርገሽ ታነሺበታለሽ። ጥቁርና ነጭ የበለጠ ይታገሣል። ስላይድ ከሆነ ተዪው። እንዲህ ያለው ሮል ለልምምድ ይሁን እንጂ ለጥምቀት አይሆንም። ሮሉ ተበላሸ ብሎ ታቦቱ ዳግም አይወጣም።

ስትገዢ ከመድኃኒት ቤቱ መስታወት ይልቅ ከካሜራ መደብር ወይም ከትልልቅ የኢንተርኔት ሻጮች ውሰጂ፤ ዕቃቸው በፍጥነት ስለሚዞር ቀኑ ሩቅ ነው። ኮዳክ ጎልድ 200 በሮል ከ8 እስከ 10 ዶላር ግድም ይገኛል፤ ባለሦስቱ ካርቶን አንዳንዴ ይረክሳል። ከማታውቂው ግለሰብ ሻጭ ካርቶን የሌለው ሮል አትግዢ። የት እንደተቀመጠ አይታወቅም።

በመደብር የሚቀረው የሚጣል ካሜራም ቢሆን ውስጡ ተራ የቀለም ኔጌቲቭ ነው፣ ብዙውን ጊዜ 27 ፎቶ፣ አይኤስኦ 400 ወይም 800። በሮል ሒሳብ ውድ ነው። ፊልሙን ለማውጣት በቢላ የሚከፍቱ አሉ፦ አታድርጉ። የፍላሹ ካፓሲተር 300 ቮልት ግድም ይይዛል፣ ባትሪው ከወጣም በኋላ ይቆያል።

ከገዛሽ በኋላ በላስቲክ ሣጥኑ እንዳለ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከ13 ዲግሪ በታች አስቀምጪው። ልትጠቀሚበት ስትይ ክዳኑን ሳትከፍቺ ከአንድ ሰዓት በላይ ውጭ ይቀመጥ። ቀዝቃዛውን ሮል ወዲያው ከከፈትሽው ጤዛ ይይዛል፣ ኢሙልሽኑ ላይ ነጠብጣብ ይቀራል።

ጨለማ ክፍል

የኔጌቲቩን ጥያቄ ዘለልነው። መልሱ አጭር ነው፦ አብዛኞቹ የሰንሰለት መደብሮች አይመልሱም። ፊልሙ ወደ ሌላ ከተማ ላብ ይላካል፣ እዚያ ታጥቦ ስካን ይደረጋል፣ ስካኑ በኢንተርኔት ወደ መደብሩ ይመጣል፣ ህትመቱ እዚያው በደረቁ ማሽን ይወጣል። በዚህ መንገድ ኔጌቲቩን ይዞ የሚመለስ ሰው የለም፤ ይጣላል። የሚሰጡት ስካንም ለመደበኛ 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ህትመት የሚበቃ ነው፣ ከዚያ ብታሳድጊው ይፈርሳል። ጊዜውም ከሳምንት እስከ ሦስት ሳምንት ነው። ከማስረከብሽ በፊት «ኔጌቲቩ ይመለሳል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ፣ በፖስታው ላይ የተጻፈውንም አንብቢ። የመደብሩ ልጅ «አዎ» ቢልሽ አትመኚ፤ ውሉ ፖስታው ላይ ነው ያለው።

ከዚያ ይልቅ በፖስታ የሚቀበል ወይም በአካባቢሽ ያለ ራሱን የቻለ ላብ ፈልጊ። ለማጠብና ለስካን በሮል ከ10 እስከ 20 ዶላር ትከፍያለሽ። ሦስት ነገር ጠይቂያቸው፦ በቀን ስንት ሮል ያጥባሉ፣ ሙከራ ስትሪፕ በየስንት ጊዜው ያሳልፋሉ፣ ኔጌቲቩን እንዴት ነው የሚመልሱት። ለመጀመሪያው «ብዙ» ያለሽ ላብ ኬሚካሉ ትኩስ ነው። ስካነራቸው ኖሪትሱ ኤችኤስ 1800 ወይም ፉጂ ኤስፒ 3000 ከሆነ ጥሩ ነው፤ ሁለቱም የሚኒላብ ዘመን ዕቃዎች ናቸው፣ ብዙ ላቦች እስካሁን ይሠሩባቸዋል።

የደከመ ኬሚካል ውስጥ የገባ ሮል ሁሉ ሞቷል ማለትም አይደለም። ዴቨሎፐሩ ደክሞ ከሆነ ኔጌቲቩ ሳስቷል፣ ምንም አይደረግም። ደካማው ብሊቹ ከሆነ ግን መፍትሔ አለው። ብሊች በቂ አየር ካላገኘ ብር ፊልሙ ላይ ይቀራል፤ ቀለሙ ጭቃ ጭቃ ይላል፣ ጥላው ይጠቁራል፣ ቅንጣቱ ይጎላል። ያንኑ ኔጌቲቭ በትኩስ ብሊችና ፊክሰር ደግሞ ማሳለፍ ያድነዋል። ይህን ማድረግ የሚቻለው ኔጌቲቩ እጅሽ ላይ ካለ ብቻ ነው። ለዚህ ነው አይጣልብሽ የምለው።

የሜሪላንዷ

እናመሰግናለን፤ ጋሼ ጨለማ ክፍል በተለይ እርስዎን። የእርሾው ምሳሌ ገብቶኛል። እንግዲያው ጎልድ 200 ከካሜራ መደብር እገዛለሁ። የቀረኝ ጉዞው ነው። ከደለስ፣ ከዋሽንግተኑ አውሮፕላን ማረፊያ፣ በቀጥታ አዲስ አበባ ነው። ሁለተኛ፣ ለዜኒቱ 200 ይሻላል ወይስ 400? ሦስት ሮል ጥቁርና ነጭም ለመጨመር አስቤያለሁ።

ቦሌ በር

ስለ ራጁ። በመጀመሪያ፦ ያልታጠበ ፊልም ወደ ጭነት ክፍል በሚገባ ሻንጣ ውስጥ በፍጹም አይግባ። የዚያ ፍተሻ ጨረር ከእጅ ሻንጣው እጅግ ይበልጣል።

በእጅ ሻንጣ በኩል የድሮው ራጅ ከአይኤስኦ 800 በታች ላለ ፊልም ለጥቂት ጊዜ ማለፍ ብዙም አያሳስብም ነበር። አሁን ግን በየአገሩ እየገባ ያለው ሲቲ ስካነር ነው፤ ቦርሳውን እንደ ሆስፒታሉ ሲቲ ዙሪያውን የሚያነሳው። በሱ አንድ ጊዜ ማለፍ እንኳ ፊልሙን ጭጋግ ሊያለብሰው ይችላል። ጉዳቱ ሲታይ ጥላው ግራጫ ሆኖ ይነሳል፣ አንዳንዴም በፎቶው ላይ ሞገድ የመሰለ መስመር ይዘልቃል። ከሩቅ የምታውቂው ማሽኑ ትልቅ ክብ ቱቦ የሚመስል ከሆነ፣ ላፕቶፕ አታውጡ የሚሉ ከሆነ ነው።

ደለስ ላይ ለፈታሹ ፊልም እንዳለሽና በእጅ እንዲታይልሽ ትጠይቂያለሽ። በአሜሪካ አውሮፕላን ማረፊያዎች ይህን መጠየቅ ይፈቀዳል። እንዲቀል፦ ሮሎቹን ከወረቀት ካርቶናቸው አውጥተሽ በአንድ ብርሃን በሚያሳልፍ ዚፕ ላስቲክ አድርጊያቸው፣ ከቦርሳው ውጪ ለብቻ ያዣቸው፣ ቀበቶው ላይ ከመጫንሽ በፊት ተናገሪ። ቀድመሽ ድረሺ፤ ሮሉን አንድ በአንድ በጨርቅ ጠርገው ስለሚመረምሩ 10 ደቂቃ ይወስዳል። ካሜራው ውስጥ ሮል አትተዪ። ካለ ካሜራውንም በእጅ ማስፈተሽ አለብሽ፣ ለማየት ክፈቺው ሊሉሽም ይችላሉ።

ስትመለሺ ቦሌ ላይ ፍተሻው አንድ ብቻ አይደለም፤ ተርሚናሉ መግቢያ ላይ አንድ፣ ወደ መሳፈሪያው ስታልፊ ሌላ አለ። በሁለቱም በትሕትና ጠይቂ፤ ውሳኔው የፈታሹ ነው። «ያልታጠበ ፊልም ነው፣ ራጅ ያበላሸዋል» ማለት ይበቃል፣ ረጅም ማስረጃ አያስፈልግም። እምቢ ካሉና ማሽኑ የድሮው ዓይነት ከሆነ ለባለ 200 አትደንግጪ። ጨረሩ ግን እየተጠራቀመ ነው የሚሄደው፤ ሲሄድም ሲመለስም ያለፈው ያው ሮል ነውና።

የእርሳስ ከረጢት የሚባለውን አትግዢ። ፈታሹ ስክሪኑ ላይ ጥቁር ነገር ሲያይ ደግሞ ያሳልፈዋል፤ አንዱን ሁለት ማድረግ ነው።

በአውሮፓ በኩል የምታልፉ ሌሎች ደግሞ በየመሸጋገሪያው ፍተሻ እንዳለ አስቡበት። በቀጥታ በረራ መሄድ ለፊልም ከምንም ይሻላል።

ካርቶኑን አንብቡ

200 ይሻላል፤ ምክንያቱም ካሜራው ራሱ ነው። የዜኒት ኢ ሹተር ያለው ከ1/30 እስከ 1/500 ብቻ ነው። በጠራራ ፀሐይ የተለመደው ሒሳብ f/16 ላይ (f የሌንሱ መከፈቻ ነው፤ ቁጥሩ ሲበዛ መከፈቻው ይጠብባል) የፊልሙን አይኤስኦ የሚያህል ፍጥነት ነው። ባለ 400 ከሆነ 1/500 በ f/16 ይሆናል፤ ሌንሱም ካሜራውም ጫፋቸው ላይ ደረሱ ማለት ነው፣ መከፈቻውን ማስፋት አትችዪም። ባለ 200 ከሆነ 1/250 በ f/16 ወይም 1/500 በ f/11 ይገኛል፣ ትንሽ መተንፈሻ አለው። 400 የሚያስፈልገው ለከተራው ምሽት ነው፤ ለዚያ ሁለት ሮል ያዢ።

ጃንሜዳ ላይ የሚያሳስተው ሌላ ነገር አለ። የዜኒት ኢ መለኪያ ሴሌኒየም ነው። ብርሃኑን ከፊቱ ካለው ሁሉ በአንድነት ይወስዳል እንጂ ነጥሎ አይለካም። ነጠላና ጋቢ የለበሰ ሕዝብ ላይ ስታነጣጥሪው ነጩ ያታልለዋልና ትንሽ ብርሃን ይሰጣል፤ ፊት ይጠቁራል። በዚህ ጊዜ መለኪያው ካለው ላይ አንድ ስቶፕ ጨምሪ፣ ከጃንጥላ ሥር ያለ ካህን ከሆነ ሁለት። የቀለም ኔጌቲቭ ብርሃን ሲበዛበት ይችላል፣ ሲያንስበት ግን ጥላው ባዶ ይሆናል። ስካን የሚያደርገው ሰው ከባዶ የሚያወጣው ነገር የለም። ሴሌኒየሙ በእርጅና ደክሞም ሊሆን ስለሚችል ከመሄድሽ በፊት ከስልክ መለኪያ ጋር አስተያዪው።

ሁለት ሊትር

ስለ ጥቁርና ነጩ፦ ከመግዛትሽ በፊት ካርቶኑ ላይ የትኛው አጠባ እንደተጻፈ ተመልከቺ። ኢልፎርድ ኤክስፒ 2 ጥቁርና ነጭ ሆኖ በሲ 41 ይታጠባል፤ ለቀለም ላቡ መስጠት ይቻላል። ኤችፒ 5 ፕላስ ግን መደበኛ የብር ፊልም ነው። በስህተት ሲ 41 ማሽን ውስጥ ከገባ ብሊቹና ፊክሰሩ ብሩን በሙሉ ይበሉታል፣ የሚመለስልሽ ባዶ ላስቲክ ነው። በሮሉም በፖስታውም ላይ በጉልህ «ጥቁርና ነጭ» ብለሽ ጻፊ። ይህ ስህተት በሰንሰለት መደብሮች በኩል ሲሄድ ይበልጥ ይከሰታል፤ ተቀባዩ ፊልም አያውቅማ።

ይልቅስ ኤችፒ 5ን ራስሽ እጠቢው። ለቀለሙ የሚያስፈልገው የሙቀት ጥንቃቄ እዚህ የለም። ለአንድ ሮል 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ታንክ ይበቃል። አይዲ 11 ዴቨሎፐር አንድ እጅ፣ ውኃ አንድ እጅ፣ 20 ዲግሪ ላይ 13 ደቂቃ። በየደቂቃው መጀመሪያ በ10 ሰከንድ ውስጥ አራት ጊዜ ገልብጪው፤ ከዚያ ታንኩን ጠረጴዛው ላይ መታ አድርጊው፣ አረፋ እንዳይቀር። ውኃው ከ20 ዲግሪ በላይ ከሆነ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 10 በመቶ ግድም ጊዜ ቀንሺ። ከ5 ደቂቃ በታች ከወረደ ግን እኩል አይታጠብም፣ ውኃውን አቀዝቅዢ። ቀጥሎ የዴቨሎፐሩን ሥራ የሚያቆመው ማቆሚያ ፈሳሽ 10 ሰከንድ፣ ፈጣን ፊክሰር አንድ ለአራት ሆኖ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ።

እጥበቱ ላይ ሰው ቧንቧ ከፍቶ ግማሽ ሰዓት ይተዋል። አያስፈልግም። የኢልፎርድ አሠራር ይህ ነው፦ ታንኩን ሙላ፣ 5 ጊዜ ገልብጥ፣ ድፋ፤ ሙላ፣ 10 ጊዜ፣ ድፋ፤ ሙላ፣ 20 ጊዜ፣ ድፋ። ከአንድ ሊትር በታች ውኃ ይበቃዋል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት የአዲስ አበባ ሰፈር ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። መጨረሻ ላይ ጥቂት ጠብታ ማርጠቢያ ጨምረሽ፣ አቧራ በሌለበት መታጠቢያ ቤት ስቀዪው።

ኬሚካሉን በአውሮፕላን ይዞ መሄድ ግን አልመክርም። ዱቄቱም ፈሳሹም ጥያቄ ያስነሳል፤ ግዴታ ከሆነ አየር መንገዱን አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ከሌለ ሮሎቹን ይዘሽ ተመለሺና እዚህ እጠቢ። ያነሳሽውን ሮል ለሁለት ሦስት ሳምንት ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ማቆየት አይጎዳውም፤ መኪና ውስጥ መተው ነው የሚጎዳው።

ሮቼስተር 38

አንድ የዜኒት ነገር ልጨምር። ፊልሙን ጭነሽ ክዳኑን ከዘጋሽ በኋላ የመመለሻውን እጀታ ቀስ ብለሽ እስኪወጠር አዙሪው፤ ከዚያ ማንሻውን ስትስቢ እጀታው አብሮ መዞር አለበት። ካልዞረ ጫፉ ከጥርሱ አምልጧል፣ 36 ጊዜ ብታነሺም ፊልሙ ካለበት አልተነቃነቀም። ሲያልቅ ደግሞ ሹተሩን የከበበውን ቀለበት ተጭነሽ እስኪቀልልሽ ድረስ መልሺ። የሚታጠበው ላብ ከሆነ ጫፉን ሙሉ በሙሉ አስገቢው፣ አለዚያ በጥድፊያ መሀል ያንኑ ሮል ደግመሽ ትጭኚዋለሽ። ራስሽ የምታጥቢው ጥቁርና ነጭ ከሆነ ጫፉን ወደ ሦስት ሴንቲ ሜትር ውጭ ተዪለት፣ ግን እጠፊው።